የጭልፊቷ ባልዲ

ትክክለኛ ስሟን የሚያውቁት ባሏና የደመወዝ ክፍሉ ሰውዬ ብቻ ነበሩ። በወይን ጠጅ ፋብሪካው ግቢ ከበር ጠባቂው ጀምሮ እስከ ባለቤቱ ድረስ ሁሉም «ጭልፊት» ነበር የሚላት፤ እሷም «አቤት» ትላለች። ስሙ በክፋት የወጣላት አይደለም። መልቀሚያው ጠረጴዛ ላይ ቆማ ዓይኗን ከተከለች፣ እኔ ልሙት፣ አንዲት የሻገተች ፍሬ አታመልጣትም ነበር።

ጠረጴዛ ሲባል ዝም ብሎ ጠረጴዛ እንዳይመስላችሁ። በላዩ ሰፊ የላስቲክ ቀበቶ ይጎተታል። ከማሳ በሳጥን የመጣው ወይን ከወዲያኛው ጫፍ ይገለበጥና በሴቶቹ ፊት እያለፈ ወደ መጭመቂያው ይወርዳል። እነሱ በግራና በቀኝ ተሰልፈው ቅጠሉን፣ እንጨቱን፣ የበሰበሰውን እየለቀሙ ያወጣሉ። ሲያዩት ምን አላት ያሰኛል። እስቲ ቁሙና ሞክሩት! ጥቂት ካፈጠጡ በኋላ ቀበቶው የቆመ፣ ወለሉ የሚሄድ ይመስላል። አዲስ የምትቀጠር ሴት ሁሉ የመጀመሪያ ቀን ወደ ውጭ እየሮጠች ስታስመልስ ነው የምትውለው።

ግራጫውንና አረንጓዴውን ሻጋታ ማንም ያየዋል። ክፉው ጥቁሩ ነው። አስቡት፣ በጥቁር ወይን ላይ ጥቁር ሻጋታ! ወፍ የነካካው ወይም ትል የበሳው ፍሬ ካለ በዚያች ቀዳዳ ገብቶ ውስጥ ለውስጥ እንደ ጥቀርሻ ይሆናል። ዘለላውን ብድግ ሲያደርጉት ብን ይላል፤ አፍንጫ ውስጥ ይገባል፣ ጓንት ላይ ይለጠፋል። ዝናብ በመኸር ወቅት የመጣ ዓመትማ አይጣል ነው። ሌሎቹ ሴቶች ዘለላውን አገላብጠው የሚያገኙትን ጭልፊት ገና ከሩቅ ሲመጣ ታየዋለች። «ያው መጣ!» ትልና እጇን ትልካለች፤ ዘለላው ባልዲዋ ውስጥ ጧ ይላል።

ባልዲው እንግዲህ የነገሩ ሁሉ መነሻ ነው። በዚያ ፋብሪካ እያንዳንዷ ለቃሚ እግሯ ሥር ባልዲ ነበራት፤ ለቅማ የጣለችው የራሷ ነው፣ ማታ ወደ ቤቷ ይዛው ትሄዳለች። ልማዱን ማን እንደጀመረው የሚያስታውስ የለም። ባለቤቱ በሌላ በሌላው እጁ የማይፈታ ሰው ነበር፣ ሽርጥ እንኳ ካልተቀደደ አይቀይርም፤ በባልዲው ግን ደግ ነው። «የጣላችሁት የናንተ ነው» ይላል፣ እንደ ትልቅ ስጦታ። አንዷ ለዶሮዎቿ ትሰጠዋለች፣ አንዷ ኮምጣጤ ታወጣበታለች፣ የሚበዙት ግን ለቤት የሚሆን ወይን ጠጅ ይጥሉበት ነበር።

ቀድሞ የሚሞላው ሁልጊዜ የጭልፊት ባልዲ ነው። አጠገቧ የምትቆመው፣ ከጠዋት እስከ ማታ ጥርሷ የማይከደን በመሆኑ ሳቂታዋ የሚሏት ሴት፣ «አንቺ ሴትዮ፣ አንድ ቀን ባለቤቱንም ለቅመሽ ባልዲሽ ውስጥ እንዳትከቺው!» ትላታለች።

«እሱማ ቢሻግትም ጭማቂ አይወጣውም» ትላለች ጭልፊት፣ ዓይኗን ከቀበቶው ሳትነቅል። ሴቶቹ በሳቅ ይፈርሳሉ፤ አለቃው ከወዲያ «ሥራ! ሥራ!» እያለ ያጨበጭባል።

እንግዲህ ጎበዝነቷ ይኼ ነበር። የእሷ ጠረጴዛ ያለፈውን ወይን ባሕር ማዶ ያሉ ሰዎች በንጹሕ ብርጭቆ ይጠጡታል፤ ያላለፈውን ደግሞ እሷ ተሸክማ ወደ ቤቷ ትሄዳለች።

ቤቷ ሁለት ክፍል ነው፤ ፊቱ ወደ መንገድ፣ ጀርባው ወደ ጋራዥ። ልጅ አልወለዱም። ባሏ የድሮ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር፣ ወገቡ እምቢ ሲለው መሪውን ትቶ በራፉ ላይ ጎማ መለጠፍ ጀመረ። አላፊ አግዳሚውን ሳይለክፍ የማያሳልፍ ጨዋታ አዋቂ ሰው ነው። ሰፈሩ «ጎሚስታው» ይለዋል፤ የተነፈሰ ጎማ የያዘ ብቻ ሳይሆን ሆዱ የባሰውም እሱ ዘንድ ይቀመጣል።

ጭልፊት ግዴለሽ ሴት አይደለችም፣ ይኼን እወቁልኝ። ባልዲውን በሰፊ ሳፋ ገልብጣ በጣም የከፋውን ታወጣለች፣ የቀረውን ደጋግማ ታጥባለች፣ ጨምቃ ጭማቂውን በትልቅ ድስት እስኪንፈቀፈቅ ድረስ ታፈላዋለች። ከቀዘቀዘ በኋላ እርሾ ጨምራ ትከድነዋለች፣ መፍላቱ ሲበርድ በንጹሕ ጨርቅ ደጋግማ ታጠለዋለች። እሳት ያየ ነገር ንጹሕ ነው ብላ ታምናለች። ማን አያምንም? እናቷም እንዲሁ ነበር ያስተማረቻት። የተጠለለው ከበሩ ኋላ በተቀመጠው ሆደ ሰፊ ጠርሙስ ይገባል።

እሷ አትቀምሰውም። ቀኑን ሙሉ ሽታው አፍንጫዋ ውስጥ ስለሚውል ማታ ላይ ያቅለሸልሻታል። ጠጪው እሱ ብቻ ነው። ከሥራ ስትገባ፣ ገና የረጠበ ጫማዋን ሳታወልቅ፣ በትልቁ ኩባያ ቀድታ ትሰጠዋለች። እሱም ቆሞ ጭልጥ ያደርገውና ከንፈሩን በእጁ ጀርባ እየጠረገ፣ «እጅሽ ይባረክ! ልዩ ነው!» ይላታል። አቤት ያቺ ቃል! ያን ጊዜ የወገቧ ቁርጥማት ይለቃታል፣ ጓንቱ የላጠው ጣቷ ማቃጠሉን ይተዋል። ዓመት ከዓመት፣ መኸር ከመኸር፣ ኩባያውና «ልዩ ነው» አልተለያዩም።

መጀመሪያ እምቢ ያለው ጫማው ነው። አንድ ጠዋት እግሩ አልገባ አለው። «የሾፌር ወንበር ዕዳውን አሁን ጠየቀኝ» ብሎ ቀለደ፣ ነጠላ ጫማ አደረገ፣ ወጣ። ከዚያ ፊቱ ማበጥ ጀመረ። ጠዋት ጠዋት ያስመልሰዋል፣ ምግብ ሲያይ ፊቱን ያዞራል፣ ጎማ ለማውጣት ጎንበስ ካለ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ጭልፊት ደነገጠች። ደነገጠችና ምን አደረገች መሰላችሁ? ኩባያውን ሁለት አደረገችለት። «ደም ይሆንሃል፣ ጠጣ» አለችው። ጠጣ። «ልዩ ነው» አለ፣ ድምፁ እየሰለለ።

ጎረቤት ተሸክሞ ሆስፒታል ሲያደርሰው ሁለቱም ኩላሊቶቹ ተበላሽተው ነበር።

ሐኪሙ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ፣ እንቅልፍ የራቀው የሚመስል ሰው ነው። ጭልፊትን ለብቻዋ ጠርቶ ክፍሉ ውስጥ አስቀመጣት። ኩላሊቶቹ የደረቀ ጠባሳ ሆነዋል፣ ከእንግዲህ ደሙ በማሽን እየታጠበ ነው የሚኖረው፣ እጥበቱ ከቀረ ብዙ አይሰነብትም አላት። ከዚያ መጠየቅ ያዘ። የራስ ምታት ክኒን ያበዛል? አያበዛም። የባሕል መድኃኒት? ኧረ በጭራሽ። መጠጥ?

«እሱ እቴ! መጠጥ ቤት ደጃፍ አይደርስም። ማታ ማታ የኔን ወይን ጠጅ ነው የሚጠጣው። በገዛ እጄ የምጥለውን» አለች፣ ትንሽም ኩራት ሽው ብሏት።

«ወይኑን ከየት ነው የሚያመጡት?»

ነገረችው። ስለ ቀበቶው፣ ስለ ጥቁሩ ሻጋታ፣ ስለ ዓይኗ፣ ስለ ባልዲው። ሐኪሙ መጻፉን አቆመ። መነጽሩን ከግንባሩ አወረደና አያት።

«ደኅናውን ማን ነው የሚጠጣው እናቴ?»

«የውጭ ገዢዎች ናቸው። እነሱማ አንዲት ነገር ካገኙ ይመልሱታል፣ ሻጋታው የሚተፋው መርዝ አለ እያሉ እኮ ነው የሚመረምሩት፣ እኛንም በየዓመቱ…» ብላ ጀመረችና አቋረጠችው። ያን ንግግር አለቃው በየመኸሩ መጀመሪያ ጠረጴዛው አጠገብ ቆሞ ሲደሰኩረው ሰምታዋለች። በቃሏ ታውቀዋለች። ግን የገዢዎቹ ጣጣ እንጂ የራሷ ቤት ጣጣ መስሏት አያውቅም። ወይ አምላኬ!

«እስቲ ከወይን ጠጁ ትንሽ ያስመርምሩ» አላት ሐኪሙ ቀስ ብሎ።

በማግስቱ በላስቲክ ጠርሙስ ቀድታ ሽርጧ ሥር ሸሸገችና ወደ ፋብሪካው ላብራቶሪ ገባች። እዚያ የምትሠራውን ወጣት ሴቶቹ «ላብራቶሪዋ» ነው የሚሏት፤ ጭልፊትን «እትዬ» ትላታለች፣ ከሰው ሁሉ አብልጣ ትወዳታለች። ጠርሙሱን ተቀብላ፣ «ምነው እትዬ፣ ፊትሽ አመድ መስሏል» አለቻት። ጭልፊት «ዝም ብለሽ መርምሪልኝ ልጄ» ብላ ወደ ጠረጴዛዋ ተመለሰች። የዚያን ቀን ስንት የሻገተ ዘለላ እንዳለፋት አላህም እግዜርም ይወቀው፤ ሳቂታዋ እንኳ ሳቋን አቁማ ስታያት ዋለች።

ማምሻውን ላብራቶሪዋ በመስኮት ጠራቻት። ዓይኗ ቀልቷል።

«እትዬ፣ ማሽኑ መጀመሪያ ማንበብ አቃተው። በውኃ አቅጥኜ እንደገና ነው ያስነበብኩት። መርዙ ለገዢ ከተፈቀደው እጅግ፣ እጅግ ያልፋል።»

«አፍልቼዋለሁ እኮ! ደጋግሜ አጥልዬዋለሁ!»

«ማፍላት ሻጋታውን ይገድለዋል። መርዙን ግን አይነካውም። ጨርቅም አይዘውም። ኩላሊት የሚጎዳ ነገር ነው ይላሉ።»

«ታዲያ እኔ ነኛ!» አለች ጭልፊት። «እኔ ነኛ የገደልኩት!»

«እሱን ማንም በእርግጠኝነት ሊነግርሽ አይችልም። ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል፤ ኩላሊት በብዙ ነገር ይታመማል…» ልጅቱ ልታጽናናት ብላ ነው፣ ምን ታድርግ። ጭልፊት ግን ግድግዳውን ተደግፋ ድርቅ አለች። አዎ ቢሏት አልቅሳ ይወጣላት ነበር፣ አይደለም ቢሏት ደግሞ እሰየው ነበር። ሊሆን ይችላል ላይሆንም ይችላል ይዞ ቤት መግባት ግን እንዴት ያለ ነገር ነው?

በዚያ ምሽት ባዶ ባልዲ ይዛ ገባች። ጎሚስታው ከሆስፒታል ወጥቶ አልጋው ላይ ትራስ ተደግፏል። ጫማዋን ሳታወልቅ በቀጥታ ወደ በሩ ኋላ ሄደች፣ ሆደ ሰፊውን ጠርሙስ እየጎተተች ወደ ደጅ አወጣችና ቦዩ ውስጥ ገለበጠችው። ቀዩ ውኃ ዱብ ዱብ እያለ ሲወርድ ቆማ አየችው። ተመልሳ ገብታ፣ ከየት ልጀምር እያለች ስታመነታ እሱ ቀደማት።

«ደፋሽው እንዴ?»

«ደፋሁት። ከዛሬ ጀምሮ አትጠጣውም።»

«እውነትሽን ነው?»

«እውነቴን ነው።»

ሰውዬው ያበጠ ፊቱ እስኪጨማደድ ድረስ ሳቀ። ከታመመ ወዲህ እንደዚያ ስቆ አያውቅም። «ኧረ ተመስገን!» አለ እጁን ወደ ጣሪያው ዘርግቶ። «ይኼን ቀን ስጠብቅ አረጀሁ እኮ! አንቺ ጉደኛ ሴት፣ አሁን ታምሜያለሁና አትቆጪኝም፣ ልንገርሽ። ያ ነገር እንደ እርጥብ ጆንያ እኮ ነው የሚለው! በየቀኑ አፍንጫዬን በሆዴ ይዤ ነው ጭልጥ የማደርገው። ለምን ቆሜ የምጠጣው ይመስልሻል? ተቀምጬማ ከቀመስኩት አይወርድም!»

«አትወደውም ነበር?»

«እኔ? ወይን ጠጅ? ከልጅነቴ ጀምሮ ጎምዛዛ ነገር አልወድም።»

«ልዩ ነው ትለኝ አልነበር?»

«ምን ልበልሽ ታዲያ? ቀኑን ሙሉ ቆመሽ ውለሽ፣ እጅሽ ተልጦ፣ ያን ባልዲ እየጎተትሽ ትመጫለሽ። ኩባያውን ስትሰጪኝ ፊቴን ትጠብቂያለሽ። ልዩ ነው ስልሽ ደግሞ እንደ ልጅ ፈገግ ትያለሽ። በቃ። አንድ ኩባያ ምን ያደርገኛል ብዬ ነዋ!»

እዚህ ላይ ነው ደሟ የፈላው። ሌላ ሴት ብትሆን ታለቅስ ነበር ይሆናል፣ ጭልፊት ግን ጮኸች። «አንተ ምን ዓይነት ሰው ነህ! አፍ አልፈጠረልህም? መጥፎ ነው ማለት ያቅትሃል? አንዲት ቀን፣ አንዲት ቀን ይሸታል ብትለኝ እጥለው አልነበር!» እየጮኸች ሁሉንም ነገረችው፤ ሐኪሙ ያላትን፣ ማሽኑ ያነበበውን፣ ኩባያውን ሁለት ያደረገችበትን ቀን። ጋራዡ ውስጥ ያሉት ሰዎች መዶሻቸውን አስቀምጠው ዝም እስኪሉ ድረስ ጮኸች።

ስትጨርስ ሳቁ ከፊቱ ላይ ቀስ እያለ ጠፋ። የገዛ እግሩን አየ፣ ከብርድ ልብሱ ሥር የተነፋውን እግሩን።

«አላወቅሽም» አለ በመጨረሻ።

«አላወቅሁም።»

«እኔም አላወቅሁም። በይ ተቀመጪ፣ ጫማሽ ውኃ አዝሏል።»

አልተቀመጠችም። አልጋው ጫፍ ላይ ተደፍታ አገጩን በሁለት እጇ ያዘች። «ከዛሬ ጀምሮ እውነቱን ብቻ ነው የምትነግረኝ። መጥፎ ከሆነ መጥፎ ነው ትላለህ። ደስ ይበላት፣ አይክፋት የሚባል ነገር የለም። ማልልኝ።»

«እምላለሁ» አለ።

በማግስቱ ጭልፊት ቀበቶው ከመነሳቱ በፊት ሴቶቹን ሰብስባ ነገረቻቸው። ሳቂታዋ ፊቷ ተለዋወጠ፤ እሷ ለእናቷ ነበር የምትጥለው። ማታ ቤቷ እንደገባች የእናቷን ወይን ጠጅ ሁሉ ደጅ አውጥታ ደፋችው። ሁሉም ግን አልሰሟትም። «አያቶቻችንም ጠጥተውታል» ያለች አለች። አለቃው ነገሩን ለባለቤቱ አደረሰ፣ ባለቤቱም አንድ ቃል ሳይናገር ባልዲዎቹን አስነሳ፤ የሚጣለው ሁሉ ጉድጓድ ይግባ ተባለ። ደግ አደረገ እንዳትሉኝ፤ የፈራው ወሬውን ነው። ለዶሮ የሚወስዱት ሁለት ሴቶች ለረጅም ጊዜ ጭልፊትን ሰላም አላሏትም። ግድም አልሰጣት፤ እሷ የምታስበው ስለ አንድ ሰው ብቻ ነበር።

የደም እጥበቱ የሚካሄድበት የሆስፒታሉ ክፍል ረጅም ነው፤ ወንበሮቹ በሁለት ረድፍ ተደርድረዋል፣ ሰው ሁሉ ክንዱን ለማሽን ሰጥቶ ጣሪያ ያያል። ጎሚስታው መጀመሪያ ላይ ነርሶቹን ሁሉ አሳቃቸው። ማሽኑን «ይኼ መኪና ዘይት ሲቀይር ብዙ ያስጠብቃል» ይለው ነበር። ማታ ቤት ሲገባ ግን ግማሽ ሰው ሆኖ ነው፤ ይንቀጠቀጣል፣ ጡንቻው ይኮማተራል፣ ውኃ ይጠማዋል፣ ውኃ ደግሞ በልክ ነው። ጭልፊት በዚያው በወይን ጠጁ ኩባያ እየለካች ትሰጠዋለች። ሌላ ኩባያ ቤቱ ውስጥ ጠፍቶ አልነበረም፤ እሱ ነው ያንን ያለው፣ «አፉን ለምጄዋለሁ» ብሎ።

መሐላውን ጠበቀ። ያለ ጨው የሠራችውን ሾርባ ቀምሶ «ካርቶን ነው» አላት። ድንቹን «ሳሙና» አለው። እሷም ሳታስበው ሳቀች፤ ከዚያ ሁሉ ወዲህ የመጀመሪያዋ ሳቅ ነበረች። ማታ ማታ «ዛሬስ?» ትለዋለች፣ እሱም ሳያሳምር ይነግራታል፤ ክንዴ ነደደኝ፣ አጠገቤ የነበረው ሰውዬ ዛሬ አልመጣም፣ ሞቷል መሰለኝ። እውነት መስማት እንዲህ ሆድ የሚያቃጥል ነገር መሆኑን ማን ነግሯት! ግን ይሻላል ትላለች ለራሷ። ቢያንስ አሁን አየዋለሁ። ያን ሁሉ ዓመት የሚሄድ ቀበቶ ላይ ቅንጣት ሻጋታ ስታይ፣ ፊት ለፊቷ የቆመውን ሰው ፊት ግን አላየችውም ነበር። ከምንም በላይ ይኼ ነው አንጀቷን የሚበላት።

ከዚያ አንድ ጠዋት የእጥበቱ ቀን ነበር። ጫማውን ይዛ መጣች፤ ያበጠው እግር እንዲገባበት ኋላውን በምላጭ ቀዳዋለች፣ ጠርዙንም እንዳይልጠው በጨርቅ ከፍፋለታለች። ወደ ሆስፒታል የሚወስደው መኪና ደጅ ቆሟል። ጎንበስ ብላ እግሩን ስትይዝ እሱ ቀስ ብሎ ወደ ራሱ ሰበሰበው።

«እውነቱን ልንገርሽ?» አላት።

«ንገረኝ።»

«ደከመኝ። ከእንግዲህ እዚያ ወንበር ላይ መቀመጥ አልፈልግም።»

ቀና ብላ ፊቱን አየችው። ቀልድ ፈለገች፤ ከዓይኑ ጥግ፣ ከከንፈሩ ዳር፣ አንዳች የለመደችውን ነገር። ዓይኗ እንደ ድሮው ነበር፣ ምንም አያመልጣትም፤ ቀልድ አልነበረበትም። ውጭ ሾፌሩ ጥሩምባ ነፋ።

«ልዩ ነው፣ ደኅና ነኝ ብልሽ ይሻልሽ ነበር?» አላት።

ደጅ ወጥታ ሾፌሩን ሂድ አለችው፣ ተመልሳ ገባች።

«አልተቆጣሽም?»

«አልተቆጣሁም።»

«እውነቱን።»

«ተቆጥቻለሁ» አለችው፤ ጫማውንም አልጋው ሥር መልሳ አጠገቡ ተቀመጠች።